ከአዳማ እስከ ዋሽንግተን መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?



የቀድሞ አባቶቻችን የሩቅ መንገድን የሚለኩት በቀን ነበር። አንድ መንገደኛ «አገርህ ምን ያህል ይርቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ፤ «በበቅሎ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ጭነት ላለው ሰው ግን አምስት ቀን ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ አቀበቱም፣ ቍልቍለቱም፣ የወንዙ መሙላትም፣ የከብቱ ድካምም ተቈጥሮ ይገኛል። ኪሎ ሜትር የሚባለው መለኪያ ከመጣ ወዲህ ርቀቱን በትክክል ለማወቅ ችለናል፤ ጊዜውን መቍጠር ግን እየተረሳን ሄዷል።

ዛሬ በዚህ ገጻችን ይህን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቢሾፍቱ ጀምሮ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ባለው የስምጥ ሸለቆ አገር፤ ልጁን፣ ወንድሙን ወይም እኅቱን ወደ ባሕር ማዶ የሰደደ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። አንዱ በዋሽንግተን፣ ሁለተኛው በጂዳ፣ ሦስተኛይቱ በዱባይ ይኖራሉ። የሚሄደውን ለመሸኘት፤ የሚመጣውን ለመቀበል፤ ከሁሉም ይልቅ ክፉ ቀን በደረሰ ጊዜ «ይደርስልናል ወይስ አይደርስልንም?» የሚለውን ለመቍረጥ፤ በሁለት የአይሮፕላን ጣቢያዎች መካከል ያለውን ጊዜ አጣርቶ ማወቅ የቤት አስተዳደር አንዱ ክፍል ሆኗል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለማስረዳት እንወዳለን።

አዳማ፤ ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው፤ የምድር ባቡር ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበረ፤ ከጂቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር በአዳማ በኩል አልፎ አዲስ አበባ የሚደርሰው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን ከዚያው ከጂቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የሦስቱ ቀን መንገድ ወደ ጥቂት ሰዓት ወረደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 720 የሚባሉት ጄት አይሮፕላኖች መጡ፤ የልደታው ሜዳ ለእነዚህ ስላልበቃ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ለስምጥ ሸለቆ ሰው የዓለም በር ቦሌ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ 99 ኪሎ ሜትር ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን አሞራ ከአዳማ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቦሌ ቢበር የሚሄደው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው በመንገዱ መጠማዘዝና በከተማው ውስጥ የሚያልቅ ነው። የአየር መንገድ ርቀት የሚባለው እንግዲህ ይህ የአሞራው መንገድ ነው።

የሩቅ አገሩን ርቀት ለማወቅ የሚፈልግ ቤተ ሰብ እንዲህ ያድርግ። ድቡልቡል የዓለም ካርታ ያለው ልጅ ያምጣና፤ የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሁለተኛውን ዋሽንግተን ላይ አድርገው ወጥረው ይያዙት። ክሩ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በቀጥታ ወደ ምዕራብ አይሄድም። ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጥቶ ሱዳንን፣ የሊቢያን በረሃና የሜድትራንያንን ባሕር ያቋርጣል፤ ከዚያም በእስፓንያ ላይ አልፎ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይዘረጋል። ዓለም ክብ ስለ ሆነች በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጠማማ መስሎ የሚታየው መንገድ በእውነቱ አጭሩ መንገድ ነው። ርዝመቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ትልልቆቹ አይሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። ሒሳብ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ሲያካፍል ከ13 ሰዓት ጥቂት ያነሰ ያገኛል፤ ለእናቱም «አሥራ ሦስት ሰዓት ነው» ብሎ ይነግራታል። ልጁ በማካፈሉ አልተሳሳተም። ሆኖም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ጉዞው ከ16 እስከ 17 ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ግን በእርግጥ 13 ሰዓት ያህል ይበቃል። ያው መንገድ፣ ያው ርቀት ሆኖ ሳለ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይበልጣል? ምክንያቱ ሁለት ነው።

ፊተኛው ምክንያት የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ ጣቢያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የቤት እመቤቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፤ ባቄላውም ሥጋውም ከቆላ አገር ይልቅ ቈይቶ ይበስላል። ድስቱን የሚያዘገየው የአየር መሳሳት አይሮፕላኑንም ያስቸግረዋል። ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍስበት አየር ስለሚያንስ፤ ከምድር ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። የቦሌ ትልቁ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነውም በከንቱ አይደለም። ይህም ሆኖ፤ ሰውና ጓዝ ሞልቶ የ11,000 ኪሎ ሜትር ነዳጅ ጨምሮ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ በልክ ነዳጅ ይዞ ይነሣና በመንገድ አርፎ ይጨምራል። ለብዙ ዓመታት ይህ ማረፊያ በአየርላንድ ያለችው የደብሊን ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ እስከ ደብሊን 6,370፤ ከደብሊን እስከ ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከቀጥታው መንገድ የሚበልጡት በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ጊዜውን የሚያረዝመው ዙሩ ሳይሆን መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደ ገና መነሣቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በአውሮፓና በአትላንቲክ ሰማይ ላይ፤ አይሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ይህን ነፋስ በግንባሩ ይገጥመዋል፤ ወደ አገሩ የሚመለሰው ግን ከኋላው ይገፋዋል። በዚያ ላይ የዋሽንግተን ጣቢያ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አይሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ተነሥቶ ያለ ማረፍ ቦሌ ይገባል።

ይህን አለማወቅ በቤተ ሰብ ላይ የሚያመጣውን ጭንቀት ልብ ይሏል። «አሥራ ሦስት ሰዓት ነው» የተባለች እናት፤ ሰዓቱ ሞልቶ የልጇን ድምፅ ባልሰማች ጊዜ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ይዛ በሐሳብ ትቃጠላለች። ልጇ ግን በአትላንቲክ ላይ በሰላም እየበረ ነው። በተቃራኒው፤ ልጁ ሲሄድ 17 ሰዓት እንደ ፈጀበት ያስታወሰ አባት፤ ሲመለስም ያንኑ ቈጥሮ ከአዳማ ዘግይቶ ይነሣል። ልጁም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ገብቶ ከደጅ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል።

ከርቀቱ ይልቅ ብዙ ጥፋት የሚያደርሰው ግን የሰዓት አቈጣጠር ነው። እኛ ሰዓትን የምንቈጥረው ከንጋት ነው፤ የቲኬቱ ሰዓት የሚቈጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ በቲኬቱ ላይ ከ7 እስከ 18 የተጻፈ ሰዓት 6 ይቀነስለታል፤ የቀን ሰዓት ነው። ከ19 እስከ 23 የተጻፈው 18 ይቀነስለታል፤ የምሽት ነው። ከ1 እስከ 6 የተጻፈው 6 ይጨመርለታል፤ የሌሊት ነው። በዜሮ የተጻፈው እኩለ ሌሊት፤ የእኛ 6 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለምሳሌ በቲኬት ላይ «ማክሰኞ 2 ሰዓት ከ10» ተብሎ ቢጻፍ፤ ይህ እኛ «ሰኞ ሌሊት ለማክሰኞ አጥቢያ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10» የምንለው ነው። ጽሕፈቱን እንዳለ የተቀበለ ቤተ ሰብ ሰኞ ማታ ለሽኝት ዶሮ ሠርቶ፣ ዘመድ ጠርቶ ይቀመጣል፤ ማክሰኞ ጧት ቦሌ ሲደርስ ግን አይሮፕላኑ ከሄደ ቈይቷል። የወሩ ቀንም እንዲሁ ነው። የእኛና የአውሮፓውያን ቀን እንደ ወሩ ከ5 እስከ 11 ቀን ይለያያል፤ ልዩነቱ በየወሩ አንድ ነው ብሎ በግምት መቍጠር አይገባም። የሳምንቱ ቀን ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ስለ ሆነ፤ ሁልጊዜ የወሩን ቀን ከሳምንቱ ቀን ጋር አስተያይቶ መያዝ ደኅና ጠባቂ ነው።

የአገሮች ሰዓት መለያየት ደግሞ አለ። ጂዳና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን ግን ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ገደማ በ7 ሰዓት፤ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው በአገራችን ልማድ የተሞላው ሰዓት የሚያሳየውን ቍጥር፤ በፊተኞቹ ወራት አንድ፣ በኋለኞቹ ወራት ሁለት ቢቀንሱለት የዋሽንግተን ሰው በእጁ ሰዓት ላይ የሚያየው ቍጥር ይገኛል። ለምሳሌ በግንቦት፤ በአዳማ ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ሰዓቱ 2 ላይ ይውላል። ነገር ግን የእኛ 3 የማለዳ፣ የእነርሱ 2 የድቅድቅ ሌሊት መሆኑ አይዘንጋ። ቡና አፍልቶ «ልጄን ላነጋግር» የሚል ሰው ልጁን ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅስ ይህ ይጠቅመዋል።

እንግዲህ በርዕሱ ለጠየቅነው ጥያቄ መልስ እንስጥ። የሰማዩን ብቻ መቍጠር አይበቃምና ከደጅ እስከ ደጅ እንቍጠር። በግንቦት ወር አይሮፕላኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ይነሣል እንበል። ከሦስት ሰዓት በፊት፤ ማለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፤ በቦሌ መገኘት ይገባል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመንገደኛ በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ሜዳው ቶሎ ቢያልቅም፤ የከተማው መጨናነቅ ስላለ ከአዳማ በ11 ሰዓት መነሣት ነው። ከዚያ 17 ሰዓት በአየር ሲታሰብ አይሮፕላኑ በማግስቱ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ዋሽንግተን ይደርሳል። ፓስፖርት ለማሳየት፣ ሻንጣ ለመውሰድና ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ቢጨመር፤ በ11 ሰዓት ተኩል መንገደኛው ከቤቱ ይገባል። መልሱ እንግዲህ አንድ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ ነው። «ደረስሁ» የሚለውን ቃል የሚጠብቅ ሰው ይህን ያህል ይታገሥ፤ ከዚያ በፊት አይጨነቅ።

ለሻሸመኔ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ከሻሸመኔ እስከ አዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪናም አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከቦሌ እስከ ጂዳ ግን 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ በረራው ከሁለት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ወደ ጂዳ የምትሄድ ልጅ ቀይ ባሕርን ለመሻገር ከሚፈጅባት ጊዜ ይልቅ ቦሌ ለመድረስ የሚፈጅባት ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ የምድሩን መንገድ የናቀ ሰው የሰማዩን ያጣል። በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለው ስፍራ የታሰበው አዲሱ ትልቅ የአይሮፕላን ጣቢያ ሲፈጸም ለዚህ አገር ሰው ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛው ቅርበቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስፍራው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ በመሆኑ፤ አይሮፕላኑ ብዙ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይቀለዋል።

አሁን ለመናገር የሚከብደውን፤ ዝም ሊባል ግን የማይገባውን እንናገራለን። እናት ወይም አባት በአዳማ ሲያርፉ፤ ልጅ በዋሽንግተን ሳለ፤ ሽማግሌዎችና የእድሩ ዳኛ ከሚነጋገሩበት ነገር አንዱ «ልጁ ይጠበቅ ወይስ ቀብሩ ይፈጸም?» የሚለው ነው። በዚያ ኀዘን ውስጥ ሒሳብ የሚያስብ ሰው አይገኝም። ሆኖም በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ሒሳብ ነው።

በግንቦት፤ ሰኞ ከጧቱ 3 ሰዓት እናት ዐረፈች እንበል። በዋሽንግተን ሌሊት ነው። በባህላችን መርዶ የሚነገረው ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ስለ ሆነ፤ በዚያ ያሉ ወዳጆች ወዲያው ከተነገራቸው ሊነጋጋ ሲል ከቤቱ ይደርሳሉ። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ፤ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት፤ የሚነሣ ቀጥታ አይሮፕላን ካለና መቀመጫ ከተገኘ፤ ልጁ ማክሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ቦሌ ይወርዳል፤ በ5 ሰዓት አዳማ ይገባል። ቀብሩ ማክሰኞ በ9 ሰዓት ቢሆን ለእናቱ ይደርስላታል። ነገር ግን «ይተኛ፤ ኋላ ይነገረዋል» ተብሎ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይና አይሮፕላኑ ቢያመልጠው፤ የሚቀጥለውን እስከ ማግስቱ መጠበቅ አለበት፤ አዳማ የሚገባውም ረቡዕ ነው። በርኅራኄ የተደረገ የጥቂት ሰዓት መዘግየት አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ፤ ልጁም እናቱን ሳይሸኝ ቀረ።

በእስልምና ሥርዓት ግን ቀብር ስለማይዘገይ፤ የሩቁ ልጅ እንደማይደርስ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ ሒሳቡ የሚጠቅመው ለመድረስ ሳይሆን ለመጽናናት ነው። «ብነሣም አልደርስም ነበር» ብሎ በእርግጥ ያወቀ ልጅ ራሱን ሲከስስ አይኖርም፤ ወላጆቹን ለቀበሩለት ጎረቤቶች ምስጋና ያቀርባል እንጂ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በደኅና ቀን አንድ ወረቀት እንዲያዘጋጅ እንመክራለን። በወረቀቱ ላይ ልጁ ያለበት ከተማ፤ የሰዓቱ ልዩነት በበጋና በክረምት፤ በዚያ ከተማ ቀጥታ አይሮፕላን በስንት ሰዓትና በየትኞቹ ቀናት እንደሚነሣ፤ ክፉ ነገር ሲደርስ በቅድሚያ የሚነገረው የታመነ ወዳጅ ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ሰዓቱም ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር፤ «የቀን» ወይም «የሌሊት» ተብሎ ይለይ። የአይሮፕላኑ መነሻ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደስ። ወረቀቱም ከቤቱ ቍልፍ ጋር አብሮ ይቀመጥ።

አባቶቻችን መንገድን በቀን ሲለኩ ማን መቼ እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። እኛም ይህን ልማድ በአይሮፕላን ዘመን ብንመልሰው፤ የሚጠብቅ ሰው ያለ ጭንቀት ይጠብቃል፤ የሚመጣውም በጊዜው ይደርሳል። መንገደኛውን ሁሉ በሰላም ያግባው።